የማይለቅ ዝገት

የፋብሪካው የውኃ ናሙና ሰብሳቢ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ኩሬ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ሦስተኛው ኩሬ እንግዳ የሚጎበኘው፣ ፎቶግራፍ የሚነሱበት ነው፤ ውኃው እታች ያለውን ጠጠር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

መርማሪዋን ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቃት። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ትጠብቃለችና።

«አዳልጦት ነው እንዳልል፣ ወንድሙ ትናንት ‹እገድልሃለሁ› ሲለው ሰምተናል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ሳለም። ዓይኑ ቀልቷል። «ይቅርታ፣ ጉንፋን ነው።» የቆዳ ጓንቱን ሳያወልቅ መንገዱን አሳያት።

የሟቹ ወንድም፣ የፓምፕ ሠራተኛው፣ በካቴና ታስሮ ፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። እናትየው የመኪናውን በር ጨብጠው ቆመዋል።

«አንዱን ሬሳ አድርጋችሁ ሰጣችሁኝ። ሁለተኛውን አልሰጥም!»

«ነገሩን ሳላጣራ የትም አይሄድም፣ እማማ» አለች መርማሪዋ።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቡናማው ቱታ እዚህም እዚያም ነጥቷል። ገለጥ ስታደርገው የውስጡ ነጭ ካናቴራ እስከ አንገቱ ዝገት መስሏል። የላብራቶሪ ሠራተኛዋን ጠራቻት።

«እስቲ ውኃውን እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ከድንጋይ ከሰል ቆሻሻው ክምር ሥር የሚወጣው ውኃ ኮምጣጣ ነው። ብረትም፣ ለስልክና ለሞተር የሚፈለጉትን ብርቅዬ ማዕድናትም አጥቦ ይወርዳል። መጀመሪያው ኩሬ ውስጥ ቀይ ነው። ሁለተኛው ላይ ኖራ እንጨምርበታለን፤ ማዕድኑ ከጭቃው ጋር ይዘቅጣል፤ እሱን ነው የምንፈልገው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ንጹሕ ነው።»

«ሦስተኛው ውስጥ የሰመጠ ሰው ካናቴራው ይቀላል?»

ልጅቷ ሬሳውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «አይቀላም። ቱታችን ለምን ቡናማ የሆነ ይመስልዎታል?»

«ሲነካችሁስ በምን ታስለቅቁታላችሁ?»

«በሎሚ። በረኪና ካስነኩት ይብሳል። ደግሞ ከዚያ ውኃ ጋር ሲገናኝ ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ሥራ በገባን ቀን መጀመሪያ የተማርነው እሱን ነው።»

መርማሪዋ መኪናው ውስጥ ገብታ ከፓምፕ ሠራተኛው ጎን ተቀመጠች።

«‹እገድልሃለሁ› ብለኸዋል?»

«ብያለሁ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!»

«ለምን?»

«ከመጀመሪያው ኩሬ ወደ ወንዙ የተቀበረ ቧንቧ አገኘሁ አለኝ። ኖራው ለግማሹ ውኃ እንኳ አይበቃም፤ የተረፈውን ወደ እኛ ሰፈር ይለቁታል አለ። ሥራችንን ልታሳጣን ነው ብዬ ጮህኩበት። እሱ ግን ‹የእናታችን ጀሪካን ምን እንደመሰለ አይተሃል?› አለኝ።» በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። «አይቼ ነበር እኮ።»

ከቀትር በኋላ ሥራ አስኪያጁን፣ የፓምፕ ሠራተኛውንና የላብራቶሪ ሠራተኛዋን ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እናትየውም ገቡ።

«ትናንት አመሻሽ የኩሬዎቹ ቁልፍ የነበራችሁ ሦስታችሁ ናችሁ» አለች። «ሰውየው የሰመጠው መጀመሪያው ኩሬ ውስጥ ነው፤ ካናቴራው ይመሰክራል። ታዲያ ለምን ሦስተኛው ጋ ተገኘ? መጀመሪያው ጋ ቢገኝ ኖሮ ሁላችንም እዚያ እንቆም ስለነበር ነው። ቧንቧው ደግሞ እግራችን ሥር ነው። ሄጄ አየሁት።»

«ወንድሙም ቧንቧውን ያውቃል!» አለ ሥራ አስኪያጁ እየሳለ።

«ያውቃል። ግን ገዳዩ ቀዩን ውኃ ለማስለቀቅ ቱታው ላይ በረኪና ደፍቶበታል፤ የነጣው ለዚህ ነው። የፓምፕ ሠራተኛው ይህን አያደርግም፤ ሎሚ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ልጅቷም ታውቃለች። ይህን ስህተት የሚሠራው ውኃውን ነክቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። በረኪናውን ሲደፋም ጋዙ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። እርስዎ ያ ጉንፋን መቼ ያዝዎት?»

ሥራ አስኪያጁ እጆቹን ወደ ኋላው ሰበሰበ።

«ጓንትዎን ያውልቁ።»

«እጄን ይበርደኛል...»

«እኛን እኮ እያላበን ነው! ያውልቁ!» ከዚያ በፊት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማት አልነበረም።

አወለቀ። ጣቶቹ በበረኪና ፍትጊያ ተልጠዋል፤ የጥፍሮቹ ዙሪያ ግን ዝገት እንደመሰለ ነው።

«ቧንቧው አፍ ላይ ጎንበስ ሲል ገፍተው አሰጠሙት። በየስብሰባው ‹ከቆሻሻ ሀብት አወጣን› ሲሉ ኖሩ፤ ቆሻሻውን ግን እነዚህ ሰዎች እንዲጠጡት አደረጉ። እጅዎን አንድ ቀን እንኳ አስነክተውት ቢሆን ኖሮ ባልተያዙ ነበር።»

«ይህ ፋብሪካ ከተዘጋ ሦስት መቶ ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል!» ብሎ ጮኸ። «እሱ ይህን አያውቅም ነበር!»

«ልጄ ስሌት ያውቅ ነበር» አሉ እናትየው። «እኛን ቆጥሮን ነው የሞተው።»

የፓምፕ ሠራተኛው ካቴናው ሲፈታለት እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን መፍቻ አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ኩሬ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ቧንቧው ጋ ብረት ሲመታ ተሰማ።

እናትየው ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካናቴራ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ይሰጠኛል?»

«ለፍርድ ቤት ማስረጃ ነው፣ እማማ። እስኪያልቅ እኛ ጋ ይቆያል።»

«ይቆይ» አሉ። «ብቻ ማንም እንዳያጥበው።»