የሐዋ የሽቦ ሴት

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ ልጅ አልነበርኩም፣ ጅን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ በሚሉ ሰዎች ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ከሚሴ ውስጥ መዲና በምን ታምናለች ብላችሁ ብትጠይቁ በፒንሳዋና በሽቦዋ ነበር የሚሏችሁ። አሁንማ በምን እንደማምን አላውቅም፣ ብቻ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሽቦ ማጠፍ ማንም አላስተማረኝም፣ ግንበኞች ብረት አስረውበት የተረፈውን ጥቁር ሽቦ እየለቀምኩ መጀመሪያ የልብስ መስቀያ፣ ቀጥሎ ግመል፣ ቀጥሎ በሬ ስሠራ፣ ትምህርት ቤቱ የሥዕል አስተማሪ አጥቶ ኖሮ እኔን ጠራኝ። ልጆቹን «ሽቦ ሥጋ የለውም፣ ሥጋው በመሀሉ ያለው ባዶ ቦታ ነው፣ ባዶውን ካላያችሁት ቅርጹ አይመጣም፣ ክብደቱም በእግሮቹ መሀል ካልወረደ ይደፋል» እላቸው ነበር። አንድ ነገር ግን ከልክያቸዋለሁ፣ ሩህ፣ ነፍስ ያለው ነገር ሲሠሩ ጭንቅላት እንዳያወጡለት፣ በሃይማኖታችን አይፈቀድም ብሎ ወላጅ ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። በዚያ ዓመት የጨፋ ሜዳ በሬ ሁሉ በልጆቹ እጅ ከአንገቱ በላይ የለም፣ ልጆቹም «ቲቸር፣ ይሄ ለአረፋ የታረደው ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ሐዋ ብቻ አልሳቀችም። ታላቅ እህቷ ዘሃራ በባቲ በኩል ዓረብ አገር ልሂድ ብላ ከወጣች ዓመት አልፏታል፣ አልደወለችም፣ ማን እንደወሰዳትም የሚናገር ጠፍቷል፣ እናትየዋ ስልካቸውን ከደረታቸው አይለዩም። ሐዋ በአራት ክንድ ሽቦ፣ ሳትቆርጥ ሳትቀጥል፣ የምትራመድ ሴት ሠራች፣ ክፍሉ ሁሉ ማን እንደሆነች አወቀ።

«ቲቸር፣ ጭንቅላት ከሌላት ቤቷን እንዴት ታገኛለች?» አለችኝ።

እኔም፣ ምላሴን ይቁረጠውና፣ «ሥርዓቱ ለሁሉም እኩል ነው» አልኳት።

አንድ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ክፍል ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንድም ሥራ የለም። ቢሮ ሄጄ ምክትል ርእሰ መምህሩን «የልጆቹ ሥራ የታለ?» አልኳቸው።

«ወይዘሮ መዲና፣ ፍየል ግቢ እየገባ አስቸግሮን፣ ለአጥሩ ማሰሪያ አጥተን ነው። ጠፍጥፈን ማዳበሪያ ውስጥ ከትተን ዕቃ ቤት አስቀምጠነዋል፣ ነገ ይታሰርበታል።»

«ማንን ጠይቃችሁ?»

«ለሽቦ ማን ይጠየቃል? ጭንቅላት እንኳ የሌለው ነገር» ብለው ሳቁ።

ወላሂ፣ ፒንሳው እጄ ላይ ስላልነበረ ነው። «ፍየሏ ከእርስዎ ትሻላለች፣ የምትበላውን ትመርጣለች» አልኩና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከፊታቸው መንጭቄ ወጣሁ።

መብራት ጠፍቷል፣ ፀሐይ ግን አልገባችም፣ መግሪብ ገና ነው፣ የመስኮቱን መዝጊያ ስከፍተው ቤቱ ወለል ብሎ ታየ። የመስኮቱ ደፍ ላይ አቧራ ብቻ ነበር፣ እመኑኝ፣ በእጄ ጠርጌዋለሁ። ማዳበሪያውን ዘረገፍኩት፣ በሬውም ግመሉም እንደ ቂጣ ተጠፍጥፏል፣ እየተራገምኩ የሐዋን ሥራ ስፈልግ ከኋላዬ ጢን አለ። ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ በግድ የታጠፈ ሽቦ ሲላላ እንዲህ ይላል፣ ስለዚህ አልዞርኩም። ደግሞ ጢን፣ ቆይቶ ጢን፣ አንዱ ጠንከር አንዱ ቀስ፣ እንደሚያነክስ ሰው ኮቴ።

ዞርኩ። ደፉ ላይ የሐዋ ሴት ቆማለች።

ወደ ፊት በጣም አዘንብላለች፣ ክብደቷ ከእግሮቿ ውጭ ወርዷል፣ እኔ ባስተማርኩት ሕግ መደፋት ነበረባት፣ በጣቴ ገፋኋት፣ ተመልሳ ቆመች። አንድ እግሯ ወደ ውስጥ ተጣሞ ይጎተታል። ከአንገቷ በላይ ደግሞ ጭንቅላት አላት። ቅጥያ ይኖረው እንደሆነ ብዬ በጥፍሬ ዳበስኩት፣ የለም፣ በክር ተከትዬ ለካሁት፣ ያው አራት ክንድ፣ አንዲት ጣት አልጨመረም። ታዲያ ጭንቅላቱ ከየት መጣ? ከፍርሃቱ ንዴቱ በለጠኝ፣ «ማነህ? በልጅ ሐዘን የምትቀልደው ማነህ?» ብዬ ጮህኩ። ማንም የለም። መስኮቱን ዘግቼ፣ በሩን ቆልፌ ስወጣ ከውስጥ ጢን አለ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ በባጃጁ ሊወስደኝ መጥቶ ይጠብቀኛል፣ እሱ ድሮ በባቲ መንገድ አይሱዙ ይነዳ ነበር፣ ከዓመት በፊት ድንገት ተወው፣ ለምን ብለን አልጠየቅነውም።

«መል ታቴ፣ እቴ? ምን ሆንሽ፣ ፊትሽ አመድ መስሏል» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፣ ግማሹ ስድብ ነው። «ከሽቦ ጋር ስትውይ ጭንቅላትሽ ዝጎ ነው» ብሎ ሳቀ። አንድ እግሯን ትጎትታለች ስለው ሳቁ ቆመ።

«ግራውን ነው?» አለ።

የትኛው እንደሆነ አልነገርኩትም ነበር።

«ግራው መሆኑን በምን አወቅህ?» አልኩት። ሞተሩን አስነሳ። እስከ ቤት ድረስ ትከሻውን እየደበደብኩ ጮህኩበት፣ ወንድሜን እንዲያ ጠልቼው አላውቅም።

ቁልፉ ትራሴ ሥር አደረ። ጠዋት ስከፍት መስኮቱ እንደተዘጋ ነው፣ የሽቦዋ ሴት ግን የለችም፣ ማዳበሪያውን ፈለግኩ፣ አጥሩን ዞርኩ፣ እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። አሁንም በሥራ መሀል ሽቦ ጢን ሲል ፒንሳው ከእጄ ይወድቃል።

እንድሪስ በዚያው ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ባጃጁን ትቶ፣ በእግሩ ወደ ሐዋ እናት ቤት ሄደ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ «ዘሃራን በመኪናዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ ከመኪና ወርደን በእግር ስንጓዝ ግራ እግሯ አብጦ መራመድ ሲያቅታት መንገድ ላይ ትቻት ተመለስኩ» አላቸው።