የእንስሳት ሐኪሙ መኪና

የእንስሳት ሐኪሙ የኢሸንባይ አስከሬን ከኪርጊዟ የናሪን ከተማ በላይ ባለው በረዷማ ዳገት ሥር፣ ገደል ውስጥ፣ መሪውን እንደጨበጠ ተገኘ። መርማሪ ቡሩላይ ስትደርስ የሟቹ ወንድም ቱራር መካኒኩን ሳጊንባይን ኮሌታውን አንቆ ይዞት ነበር።

«ትናንት የኋላውን የግራ ጎማ ኩሽኔታ የቀየረው እሱ ነው!»

«ልቀቀው» አለች ቡሩላይ። «መኪናውን ከጋራዥ ያወጣኸውስ አንተ አይደለህም? ከወንድምህ ጋር ስትጣሉም ጎረቤት ሰምቷል።»

«በእናታችን ቤት ነው የተጣላነው። ወንድማማች አይጣላም?» አለ ቱራር፤ ዓይኑን ግን ሰበረ።

ሳጊንባይ ጉሮሮውን አሻሸ። «ኤጄ፣ እህቴ፣ ዱካውን ተመልከቺ። በረዶውን የቧጠጡት የፊት ጎማዎች ብቻ ናቸው። ከኩሽኔታው አጠገብ ያለው የጎማ ፍጥነት መለኪያ ሴንሰር ዝም ካለ መኪናው የጎማውን ፍጥነት አያውቅም፤ ስለዚህ ለኋላ ጎማዎቹ የሚሰጠውን ኃይል ይቆርጣል። በሁለት ጎማ ብቻ ይህን ዳገት መውጣት ዘበት ነው፤ ወደ ኋላ ያንሸራትታል።»

«አስጠንቃቂ መብራት አይበራም?»

«ይበራል እንጂ። አይቶት ለምን እንዳልተመለሰ ነው ያልገባኝ።»

ሐኪሙ በዚያ ጠዋት የነበረው በባለብዙ በጉ በካልማት ግቢ ነበር። ሽማግሌው ቡሩላይን ሻይ ቀድቶ ተቀበላት።

«በልቶ ጠጥቶ በሰላም ሄደ፣ ልጄ። ይህ መንገድ ስንቱን በልቷል!»

ቡሩላይ ሻዩን ሳትነካው ግቢውን በዓይኗ ስትቃኝ ቆየች። በጎቹ መኪና ላይ እየተጫኑ ነበር።

በማግስቱ ቱራርን፣ ሳጊንባይንና ካልማትን የመካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሴንሰሩን ለክቼዋለሁ፤ ጤነኛ ነው» አለች። «ኩሽኔታውም በደንብ ገብቷል። ችግሩ ሽቦው ነው። ድንጋይ የበጠሰው ሽቦ ይለጠጣል፣ ጫፉም ይበጣጠሳል። ይህኛው በፒንሳ ቁርጥ ተደርጓል።»

«አላልኩም?» ቱራር ወደ መካኒኩ ዞረ።

«ቆይ። መኪናው ብልሽት ሲመዘግብ ፍጥነቱንና የሄደውን ኪሎሜትር አብሮ ይይዛል። ከዚህ ጋራዥ ከወጣ በኋላ ሰባ አራት ኪሎሜትር ያለ እንከን ሄዷል። ብልሽቱ የተመዘገበው ፍጥነቱ ዜሮ ሆኖ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ነው። በቆመ መኪና ላይ ድንጋይ አይፈናጠርም። ከዚያ በኋላ የሄደው አሥራ አንድ ኪሎሜትር ብቻ ነው። ከገደሉ አሥራ አንድ ኪሎሜትር ላይ ያለው ግቢ ደግሞ አንድ ነው። የእርስዎ፣ ጋሼ ካልማት።»

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ።

«ከበጎቼ ደም ቀዳ። ውጤቱ ከወጣ መንጋዬን ያሳርዱብኛል። መብራቱን አይቶ ይመለሳል፣ እኔ ጋ ያድራል፣ እስከዚያ በጎቹን አስወጣለሁ ብዬ ነው የቆረጥኩት። ይሞታል ብዬ አይደለም!»

«መብራቱንማ አይቷል። ያልተመለሰው ስለቸኮለ ነው» አለች ቡሩላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ከመኪናው አሥራ ሦስት ብልቃጥ ደም አውጥተናል። አሥራ ሁለቱ የበግ ነው። አንዱ ላይ የተጻፈው የልጅዎ ስም ነው። ሁለት ወር ሙሉ ትኩሳት ሲያነድዳት ለእርስዎ መናገር ፈርታ ለሐኪሙ ነገረችው። ከበጎቹ ወተት የያዛት በሽታ እንደሆነ ጠርጥሮ ነበር።»

ካልማት ዘይት በጠጣው ወለል ላይ ዘፍ አለ።

ቱራር ወደ ቡሩላይ ዞረ። «ደሙ... ሐኪም ቤት ደረሰ?»

«ዛሬ ጠዋት ደርሷል። በሽታው ወንድምህ የጠረጠረው ራሱ ነው። ልጅቷ መድኃኒት ጀምራለች፤ ትድናለች።»

ቱራር ግድግዳውን ተደግፎ ወንድሙን ማልቀስ ጀመረ።