በር ላይ የተመለሰው ማስጠንቀቂያ

ጡረተኛው መምህር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከፊታቸው የተጀመረ የደም ግፊት ክኒን ነበር፤ የተበላሸ ክኒን። አከፋፋዩ ድርጅት «እንዳትወስዱት» የሚል ማስጠንቀቂያ ማክሰኞ ዕለት ለደንበኞቹ ሁሉ በኢሜይል ልኬያለሁ ይላል። መርማሪዋ የሟቹን ኢሜይል አገላብጣ ፈተሸች። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም።

«ቢደርሳቸው ኖሮ ያነቡት ነበር» አለች ልጃቸው። «አባቴ የመድኃኒት ካርቶን እንኳ ሳያነቡ አይጥሉም።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ ገለባውን ከፍሬው ሳትለይ አታርፍም። በማግስቱ ድርጅቱ ዘንድ ሄደች። የድርጅቱን የኢሜይልና የኢንተርኔት አገልግሎት የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ጸሐፊዋ፣ ኮምፒውተር ቴክኒሻኑና የሽያጭ ኃላፊው።

«ልኬዋለሁ እኮ፣ እህቴ!» አለች ጸሐፊዋ። «ይኸው፣ ‹ተልኳል› ይላል።»

ኮምፒውተር ቴክኒሻኑ ሳይጠየቅ ወረቀት አትሞ ይዞ መጣ። «የድርጅታችን የኢንተርኔት ስም የተመዘገበበት ቦታ ላይ ቁልፍ የሚባል ኮድ አለ። ተቀባዩ ደብዳቤው በእውነት የእኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው በእሱ ነው። ቁልፉ ከሌለ እንደ አጭበርባሪ ተቆጥረን ደብዳቤያችን በር ላይ ይመለሳል፤ እኛ ጋ ግን ‹ተልኳል› ይላል።»

«ቁልፉስ?»

«ሰኞ ጠዋት ተሰርዟል፤ ዓርብ ተመልሷል። የተሠራው ሦስታችንም በምንገባበት በእኔ ስም ነው። እኔ ግን አልነካሁትም!»

የሽያጭ ኃላፊው ቢሮ በሽቶ ታፍኗል። «እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለ ጥፍሩን እየሞረደ። «ለሰውየው አዝናለሁ፤ ግን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀናቸው ደርሶ ነው።»

ወንፊት ወደ መጋዘኑ ወረደች፤ ባዶ ነው። ማስጠንቀቂያው ስላልደረሰ ክኒኑ ሳምንቱን ሙሉ ሲቸበቸብ ከርሟል። የደንበኞቹን ዝርዝር ከጸሐፊዋ ጋር ስታይ የኃላፊውን እናት ስም አገኘች፤ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም፣ የሟቹንም ልጅ ጭምር፣ ስብሰባ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ጸሐፊዋ ማስጠንቀቂያው እንዳይደርስ ብትፈልግ፣ አለመላክ ይበቃት ነበር። ቴክኒሻኑ ቢሆን ኖሮ፣ የሚያስጠረጥረውን ወረቀት በገዛ እጁ አያመጣልኝም። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ኃላፊው ሳቀ። «ማስረጃሽ ይኸው ነው?»

«ማስረጃዬ እናትህ ናቸው። ‹ልጄ ይባረክ፤ ሰኞ ደውሎ፣ እማዬ፣ ያንን ክኒን ጣይው፤ የነገው ኢሜይል አይደርስሽም አለኝ› ብለውኛል። ማክሰኞ የሚላክ ደብዳቤ እንደማይደርስ፣ ቁልፉን ከሰረዘው ሰው በቀር ሰኞ ማን ያውቃል? ለራስህ እናት መርዝ መሆኑ ገብቶሃል። ለሰው አባት ግን ሸጥከው።»

ላቡ ከሽቶው ጋር ተቀላቅሎ አዳራሹን አገማው። ጸሐፊዋ ወንበሯን ከእሱ አራቀች።

«እናቴ ናት እኮ!» አለ።

«እሳቸውም አባቴ ነበሩ» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

ሲወስዱት ቀና ብሎ ያየው ሰው የለም። ቴክኒሻኑ «ቱ!» ብሎ መስኮቱን ከፈተ።

«መጸየፉ ይደርሳል» አለች ወንፊት። «ማስጠንቀቂያው ጠዋት በድጋሚ ተልኳል፤ ያልከፈቱት ግን ሁለት መቶ ሰዎች አሉ። ስልክ አንሡ።»

ጸሐፊዋ ዝርዝሩን ስታወጣ የመምህሩ ልጅ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ግማሹን ስጪኝ» አለቻት።