የቡልቡላ መጋዘን ስክሪን

እኔ የጂኒና የመንፈስ ወሬ ሲነሳ ሻይዬን ይዤ ሌላ ጠረጴዛ ላይ የምቀመጥ ሰው ነኝ፣ ደግሞ ስራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ የተበላሸ ነገር ሁሉ ምክንያት እንዳለው በየቀኑ በእጄ እየፈታሁ አያለሁ። ይህን የምነግራችሁ፣ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ድሮም እንዲህ ናት» እንዳትሉኝ ነው።

አዳማ ውስጥ እህል ገዝቶ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው የምሰራው፣ የቅርንጫፎቹ ኮምፒውተር ሁሉ የኔ ጣጣ ነው። ከሁሉ የሚያደክሙኝ የቡልቡላው መጋዘን ኃላፊ ጋሽ ገመዳ ነበሩ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ ግን ስክሪኑንም፣ ኪቦርዱንም፣ የመብራት መጥፋቱንም «ሲስተሙ» ነው የሚሉት፣ እመኑኝ፣ አንዴ ፕሪንተሩ እምቢ አለ ብለው ግማሽ ቀን በስልክ ሲያደርቁኝ ውለው፣ ለካስ ሶኬቱን ነቅለው የስልካቸውን ቻርጀር ሰክተውበት ኖሯል።

አንድ ቀን ደወሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ስክሪኑ ሲጠፋ አንዲት ሴትዮ ትታየኛለች» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የራስዎ ምስል ነው፣ መስታወት እኮ ነው።»

«እኔ ሻሽ አስራለሁ እንዴ?»

ሳቅኩ። ወሬው ግን አለቃችን ጋ ደርሶ ኖሮ አስጠራኝ። «ሄደሽ እይው» አለኝ፣ «ማሽኑ ደህና ከሆነ ችግሩ ሰውየው ጋ ነው፣ እናሰናብታቸዋለን።»

ቡልቡላ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ሙቀቱ አስፋልቱን ውሃ አስመስሎታል፣ ከአብጃታ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ ነጭ አቧራ ያንሳፍፋል፣ ከተማው ዓይኑን ገልጦ የተኛ ነው የሚመስለው። ጋሽ ገመዳ «አካም ጅርታ» እያሉ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ መጋዘኑ ጥግ ላይ ያለችውን ቢሯቸውን ከፈቱልኝና ሊሰግዱ ወጡ።

ሁሉን ፈተሽኩ፣ ምንም የለበትም። ብቻ ሿ... ሿ... የሚል ድምፅ ይሰማል። ፋኑ ነው ብዬ ፈትቼ አቧራውን አራገፍኩ፣ ድምፁ አልቆመም። አጠፋሁት፣ አልቆመም። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ አሁንም ሿ... ሿ...፣ ሳይቸኩል፣ ስንዴ በሰፌድ ሲንገዋለል እንደሚሰማው።

የሚገርማችሁ አልፈራሁም፣ እንዲያውም ሰውነቴ ጣፋጭ እንቅልፍ እንደመጣበት ዝል አለ። ቀና ስል ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፊቴ አለ፣ ከኋላዬ ደግሞ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴትዮ ዱካ ላይ ተቀምጣ እህል ታንገዋልላለች፣ እብቁ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ሲንሳፈፍ ሁሉ ይታየኛል። ዞርኩ። እስከ ጣሪያው የተደረደረ ጆንያ ነው፣ ሰው ይቅርና ዱካ የሚያስቀምጥ ቦታ የለም። ተመልሼ ሳይ እጇን አቁማ ወደ እኔ ቀና ብላለች፣ አልተቆጣችም፣ ሰላም ሳይላት ቤቷ የገባ እንግዳ እንደምታይ ነው ያየችኝ። ድምፁም ቆመ።

«አየሻት?» ጋሽ ገመዳ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማን ናት?»

«ከየት አውቃታለሁ፣ ልጄ። ስገባ ቀና ትላለች፣ ከዚያ ስራዋን ትቀጥላለች፣ በቃ።»

ለአለቃችን «ስክሪኑ ተበላሽቷል» አልኩት፣ ሌላ ምን ልበል? ጋሽ ገመዳ ከስራቸው አልተነሱም፣ አዲስ ስክሪን ተላከላቸው፣ አሮጌውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ አዳማ አመጣሁትና እቃ ክፍል ከተትኩት። አንድም ቀን አልፈታሁትም።

ሳምንታት አልፈው ጋሽ ገመዳ ደወሉልኝ። ስለ ሲስተሙም፣ ስለ ፕሪንተሩም አላነሱም።

«አዲሱ ምንም አይታይበትም» አሉ።

«ታዲያ ጥሩ አይደል፣ ጋሼ?»

«ጥሩ ነው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ፣ «እሷስ... እዚያ ተመቻት?»

መሳቅ ነበረብኝ፣ ወይም እንደታሸገ ነው ማለት። «ተመችቷታል፣ አይስጉ፣ ስራዋ ላይ ናት» አልኳቸው። እፎይ ብለው መርቀውኝ ዘጉ። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ምክንያቱም ላጽናናቸው ብዬ አልነበረም ያልኩት፣ ሰው እንደዚያ የሚመልሰው አሁን አይቶ ሲመጣ ነው፣ እኔ ደግሞ ያንን ማዳበሪያ ፈትቼ አላውቅም።