ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች»

ያ ኤሌክትሪሺያን ሊያሳብደኝ ነበር። ሠራተኞች ከሥራ ሲወጡ እንግሊዝኛ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ገብቶት እሱ ብቻ አልገባውም። «ለሰው ‹ሁ›፣ ለዕቃ ‹ዊች›!» እላለሁ፤ ሰሌዳው ላይም እጽፋለሁ። እሱ ይነሳና አምፖሉን በ‹ሁ›፣ አለቃውን በ‹ዊች› ይጠራል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል።

«አምፖል ሰው ነው እንዴ?»

«እንደ አምፖሉ ነው፣ ቲቸር» ይለኛል፤ ከዚያ ዓይኑን ይጥልብኛል። እኔም ጠመኔዬን ፍለጋ እዞራለሁ፤ ጠመኔው በእጄ እያለ።

ፈተናውን ወደቀ። ደግሞ ተመዘገበ። ደግሞ ወደቀ።

እኔን ያስጨነቀኝ ውጤቱ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አክስቴ ናት፤ በሕጓ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ከተማሪው ጋር ሻይ ሲጠጣ የተገኘ አስተማሪ፣ የእህቷ ልጅም ቢሆን፣ ይባረራል። እኔ ደግሞ ልጁን ወድጄዋለሁ። ወድጄዋለሁ ብቻ? ሞቼለታለሁ! አልፎ ካልወጣልኝ ምንም ተስፋ የለኝም።

አንድ ቀን ወደ ክፍል ልገባ ስል በሩ ላይ ድምፁን ሰማሁ። አብረውት የሚማሩትን ጡረተኛ ነርስ እያስረዳቸው ነበር።

«እማማ፣ ሐኪሙ ‹ሁ›፣ መርፌው ‹ዊች›። ‹ዛት› ለሁለቱም ይሆናል፤ ከኮማ በኋላ ግን እንዳያስገቡት።»

እኔ እንኳን እንዲህ አሳምሬ አስረድቼ አላውቅም! ደሜ ፈላ። ኮሪደር ላይ ጠራሁት።

«ታሾፍብኛለህ?»

አንገቱን ደፋ። «ካለፍኩ ክፍሉን መልቀቄ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ አንቺን የት አገኝሻለሁ?»

እሱ እኔን ላለማጣት ይወድቃል፤ እኔ እሱን ለማግኘት እንዲያልፍ እጸልያለሁ! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

«አንተ ጅል! ተማሪዬ እስከሆንክ ድረስ ሻይ እንኳን አብረን መጠጣት አንችልም። የአክስቴ ሕግ ነው!»

ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግ አለ።

«ፈተናው መቼ ነው?»

ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ለማንም አደላች እንዳልባል ወረቀቱን አክስቴ ራሷ አረመችው፤ አንድም ስህተት አላገኘችበትም። «ምን አብልተሽው ነው?» አለችኝ።

ሰርተፊኬቱን ሊወስድ ቢሮ ሲመጣ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያብረቀርቃል።

«ለቀጣዩ ደረጃ ልመዝግብህ?» አለችው አክስቴ።

«የለም፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ተማሪ አይደለሁም።» ወደ እኔ ዞረ። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር...»

«እሺ!»

«ገና አልጠየቅኩሽም እኮ!»

«ታዲያ ቶሎ በል!»

አክስቴ መነጽሯን አውልቃ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ሕጓን በሆዷ ስታገላብጥ ያስታውቅባት ነበር፤ እኛን የምትይዝበት አንቀጽ ግን አጣች።

«ውጡልኝ ከቢሮዬ!» አለች፤ ሳቋን ግን መደበቅ አቃታት።

እጄን ያዘኝ። በዋናው በር፣ ሰው ሁሉ እያየን፣ ሻይ ልንጠጣ ወጣን።