የእሜቴ ጭስ

አቧራው ከአድማስ ተነስቶ እንደ ግድግዳ ሲመጣ አባትየው መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን ከጥቁሩ ቋጥኝ ጥግ ሸጎጣት።

«መስኮት ዝጊ!»

ነርሷ ልጁ መስኮቱን ዘግታ ጭኗ ላይ ያለውን ነጭ ሳጥን በሁለት እጇ አቀፈች። ነፋሱ ደረሰ። አሸዋው ጣሪያውን ደበደበ፣ በበሩ ስንጥቅ ሾለከ፣ ጥርሳቸው መሃል ተንቀጫቀጨ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ቀኑ ጨለመባቸው።

ሳጥኑ ውስጥ በበረዶ የታሸገ የኩፍኝ ክትባት ነበር። ከበረሃው ማዶ ያለች መንደር ኩፍኝ ገብቶባት ሁለት ሕፃናት ሞተዋል፤ አርባ ሕፃናት ደግሞ መርፌውን እየጠበቁ ነው። በረዶው የሚቆየው እስኪመሽ ብቻ ነው። በረዶው ከቀለጠ ክትባቱም ከተራ ውሃ አይሻልም። የጤና ጣቢያው መኪና ከተበላሸ ወር ስላለፈው ጠዋት አባትየው «ታዲያ የኔ እሜቴ ምን ትሠራለች?» ብሎ ቁልፉን አነሳ።

እሜቴ መኪናዋ ናት። ሠላሳ ዓመት የሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ የገዛት የራሱ ስለሆነች ክፉዋን መስማት አይወድም። ዘይት እንደምትበላ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። መካኒኩ «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ወርዶ ካልታደሰ አንድ ቀን መንገድ ላይ ትቀራለህ» ብሎት ነበር። አባትየው ሞተሩን ሳይሆን መካኒኩን ቀየረ። ኩራት እራቱ የሆነ ሰው ምን ይደረጋል!

ነፋሱ ሲያልፍ «አንቺ እስኪ እግርሽን አፍታቺ» አላት። እሷ ፈንጠር ስትል ከወንበሩ ሥር ቢጫ ጀሪካን አወጣና አንድ ሊትር ያህል ዘይት ሞተሩ ውስጥ አንቆረቆረ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አልነካም። ዘንግ መዞ የሚጠርግ ሰው መኪናውን የጠረጠረ ሰው ነው፤ ይህን ደግሞ ልጁ እንድታይ አይፈልግም። ቀጥሎ እሱ ፊቱን ሊታጠብ ከቋጥኙ ጀርባ ዞረ። ያኔ ልጅቱ ኮፈኑን ከፈተች። በመድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ በትልልቅ የሽሮፕ ጠርሙሶች ሞልታ ያመጣችው ዘይት ነበር። አባቷን ማሳፈር አልፈለገችም፤ መንገድ ላይ መቅረትም አልፈለገችም። ዘንጉን ለማየት ጊዜ ስላልነበራት ቸኩላ ገለበጠችና ዘጋችው።

መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ነዳጅ ማደያ እንደገና ተራ በተራ፣ ተደባብቀው ዘይት ጨመሩ። እዚያ አንድ ረጅም የጭነት መኪና ቆሟል። ባለቤቱ የአባትየው የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ክላክሱን ያለ ምክንያት ስለሚነፋ ጡሩምባ ይሉታል። ከአምስት ዓመት በፊት ሰው በተሰበሰበበት «ይህችን ሽጣትና አህያ ግዛ» ስላለው ተኮራርፈዋል።

ጡሩምባ የክትባቱን ወሬ ከማደያው ሰው ሰምቶ ነበር። «ጭነቱን እንዳስተካከልኩ በላይኛው መንገድ እሄዳለሁ። ልጅቱንና ሳጥኑን ስጠኝ፣ ሳይመሽ አደርሳቸዋለሁ» አለው።

«ልጄን የማደርሳት እኔ ነኝ።»

«አይ አንተ ግትር!»

አባትየው እሜቴን አስነስቶ የታችኛውን መንገድ ያዘ።

ስምንት ሰዓት ላይ እሜቴ ጤና አጣች። ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ተግተለተለ፤ ሞተሩ ተንፈራገጠ፤ ዳገቷን እምቢ አለች። አንድ ገደል ሥር አቁመው ወረዱ። ከሞተሩ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ስንት ጨመርክባት?»

«ምኑን?»

«ዘይቱን ነዋ።»

አባትየው ጉሮሮውን ጠረገ። «በየማረፊያው... አንድ አንድ ሊትር።»

«እኔም።»

«አንቺም ምን?»

ቦርሳዋን ከፍታ ባዶዎቹን ጠርሙሶች አሳየችው። ያኔ ዘንጉን መዘዘ። ዘይቱ ከምልክቱ አራት ጣት አልፏል። ሞተሩ ከልኩ በላይ ሞልቶ የኋላ ማሸጊያውን ገፍቶ ቀዶታል። አባትና ልጅ ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የሰው መኪና በረሃብ ይሞታል፣ የኛዋ በጥጋብ ልትሞት ነው!» አለ አባትየው።

ከሥር ገብቶ የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን አላላ። ትኩሱ ዘይት እስከ ክርኑ እየወረደ ቢያቃጥለውም ትርፉን በጀሪካኑ ተቀበለና አጠበቀው። ማሸጊያው እያፈሰሰ ስለሆነ ያ ዘይት መንገድ ላይ ያስፈልጋቸዋል። ጀሪካኑን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ እጁን ሲጠርግ የዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ወረደ። ከፊት የሚመራው ጥጃ ያክላል። አባትየው ድንጋይ ወረወረ፤ ዝንጀሮው ክራንቻውን አሳይቶ ዘለለበት። ልጅቱ ክላክሱን ስትጫነው ደንግጦ ተመለሰ፤ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። ቢጫውን ጀሪካን አንጠልጥሎ ገደሉን ወጣና ውሃ መስሎት በጥርሱ በሳው። ዘይቱ በድንጋዩ ላይ ሲወርድ ከታች ሆነው አዩት።

ልጅቱ ጋ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ብቻ ቀርቷል። ቀስ ብለው ነዱ። ከሠላሳ ኪሎሜትር በኋላ የዘይቱ ቀይ መብራት በራ፤ ብረት ከብረት መነካከስ ጀመረ። አባትየው አጠፋት። አሥር ሰዓት ሆኗል፤ መንደሩ ገና አርባ ኪሎሜትር ይቀረዋል። ሳጥኑን ሲነቀንቁት በረዶው ሳይሆን ውሃው ነው የሚሰማው።

«አባዬ፣ እየው! ጋሼ ጡሩምባ!»

ከመንገዱ ጎን ካለው ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ በላይኛው መንገድ ላይ፣ የጭነት መኪናው አቧራ ይታያል። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ነገር ግን ነፋሱ ወደነሱ ስለሚነፍስ ክላክስ አይሰማም፤ በእግር ሮጦም አይደረስበትም።

አባትየው አቧራውን አየ፣ እሜቴን አየ። ጠርሙሱን ሞተሩ ውስጥ ቢጨምር ምናልባት አሥር ኪሎሜትር ትሄዳለች። ከዚያ በኋላስ?

«ጠርሙሱን ስጪኝ። አንቺ አስነሺና ነዳጁን እስከ ታች ርገጪው።»

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አየር በምትስብበት ላፈስባት ነው። ጭስ ይሆናል።»

«ትሞታለች እኮ!»

«አውቃለሁ።»

የአየር ማጣሪያውን ክዳን አነሳ። እሜቴ ጮኸች፤ ዘይቱ ሲገባባት ጭሱ ከኋላዋ እየተጠቀለለ ወጣና ወንዙን ሞላው። የሞተሩ ጩኸት ወደ ማንኳኳት ተለወጠ፣ ማንኳኳቱ ወደ መፍጨት፣ ከዚያ አንድ ነገር ውስጧ ተሰበረና ዝም አለች። አባትየው የጋለው ኮፈን ላይ እጁን አሳርፎ አለቀሰ። ልጁ ታየኛለች ብሎ አልደበቀም።

ማዶ የነበረው አቧራ ቆመ።

ሳጥኑን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። አሸዋው እስከ ቅልጥማቸው ይውጣቸዋል፤ አባትየው ሁለቴ ወደቀ፣ ሁለቴም ሳጥኑን ከፍ አድርጎ ወደቀ። ጡሩምባ ወንዙ መሃል ድረስ ወርዶ ተቀበላቸው።

«መኪና የተቃጠለ መስሎኝ ነበር» አለ እያለከለከ። «ምን ነካህ?»

«ሳጥኑን አድርስልኝ። እሜቴ ትቅር።»

ጡሩምባ ማዶ ያለችውን እሜቴን አየና ሊቀልድ ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። «ና ውጣ፣ ወንድሜ» አለው።

መንደሩ ሲደርሱ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ነርሷ ሳጥኑን ስትከፍት ከበረዶው የቀረው አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ናት፤ የክትባቱ ጠርሙሶች ግን እንደቀዘቀዙ ናቸው። ሰልፉ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ሕፃን መርፌው ሲነካት አካባቢውን በጩኸት አደባለቀችው፣ የአባትየውም አንጀት ቅቤ ጠጣ።

የሕፃኗ እናት ልጇን እያባበለች፣ አቧራ የጠገበውንና እስከ ክርኑ ዘይት የለበሰውን ሽማግሌ አየችው። «በዚያ በረሃ ነርሷንና ክትባቱን ያመጣህልን አንተ ነህ? እግዜር ይስጥልኝ!»

ጡሩምባ ጎማው ላይ ተደግፎ ውሃ ይጠጣ ነበር። አባትየው ሄዶ ክንዱን ያዘና ወደ ሴትዮዋ ሳበው።

«እሱ ነው ያመጣን» አላት።