የአቶ ሉዶሚር ካርድ

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመረብ ኳስ ጨዋታ ሳያልቅ ከወንበራቸው ተነሥተው የማያውቁት አቶ ሉዶሚር ቭዦስ፣ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በሦስተኛው ዙር መሀል ወደ ምድር ቤት የወረዱት ምን ፈልገው ነው?

ኢንስፔክተር ቦግና ስሮካ ደረጃው ግርጌ ቆማ ጥያቄውን ለራሷ ደገመችው። ሽማግሌው የደጋፊዎቹ ባንዲራ በተከመረበት የዕቃ ክፍል በር ላይ በጀርባቸው ወድቀዋል። ጭንቅላታቸው ከብረት ደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። የሬድዮ ማዳመጫው አንድ ጆሯቸው ላይ እንደተሰካ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ ያለችው ትንሽ ሬድዮ አሁንም ስለ አየር ሁኔታ ታወራለች። በእጃቸው የያዙት ካርድ ላይ፣ በሦስተኛው ዙር ዓምድ፣ በእርሳስ የተጻፉ ዜሮዎች ነበሩ። በእያንዳንዱ ዜሮ አጠገብ ነጥብ አለ፦ 5 ለ 3፣ 8 ለ 6፣ 12 ለ 9። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ቦግና ውጭ አገር ተምራና ሠርታ ወደዚህች የፖላንድ የድንጋይ ከሰል ከተማ ከተመለሰች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። መመለሷ ትክክል ይሁን አይሁን እስካሁን አልወሰነችም።

«የገፋቸው ሰው ታውቋል» አለ ሳጅን ታዴክ። «የጨዋታ አስተላላፊው ካዬታን ነው። 12 ለ 9 ላይ አሰልጣኙ እረፍት ሲጠይቅ ሬድዮው ማስታወቂያ ለቀቀ፤ እሱም ከክፍሉ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሳቂያ አድርገውታል። አሁኑኑ ልውሰደው። ሌላ ምን ቀረ?»

«ሻይ» አለች ቦግና። «ሎሚ ያለበት።»

ወደዚያ ደረጃ መግባት የሚቻለው ከሬድዮው ክፍልና ከደጋፊዎች ኮሚቴ የወንበር ረድፍ ብቻ ነው። በዚያ ከሰዓት እዚያ የነበሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያዋ ከበሮ መቺዋ ወይዘሮ ያጎዳ ነበረች። ስልሳ ዓመት አልፏታል፤ መዳፏ እንደ አናጺ የደነደነ ነው።

«ይሄ ካርድ ምንድን ነው?» አለቻት ቦግና።

«የሉዶሚር ጨዋታ ነዋ። ካዬታን ያለ ልክ የሚደጋግማቸው፣ ያለ ቦታቸው የሚሰነቅራቸው፣ የሚያበላሻቸው አሥራ ሁለት ቃላት ናቸው። እሱ ባለ ቁጥር ምልክት አድርገን ነጥቡን እንጽፋለን። ነጥብ የሌለው ምልክት አይቆጠርም። ቀድሞ የሞላ ቢራ ይጋበዛል።»

«ምን ዓይነት ቃላት?»

«'ታሪካዊ' አንዱ ነው። ልጄ፣ ሰርቩ ከመስመር ቢወጣ ታሪካዊ ነው። ተቀያሪው ጫማውን ቢያስር ታሪካዊ ነው። ከኩባ የመጣውን ተጫዋቻችንን ስም ደግሞ አንድ ቀን በትክክል ጠርቶት አያውቅም፤ ልጁ ራሱ አሁን በተሳሳተው ሲጠሩት ዞር ይላል።» ፈገግ ልትል ብላ ተወችው። «እኛም ብንሆን ያው ነን። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር 'መረብ ነካ' እንላለን። እኔ ከከበሮው ጀርባ መረቡ መቼ ይታየኛል?»

ቦግና የሴትዮዋን የራሷን ካርድ ተቀብላ አየችው። ሁለቱ ዓምዶች ሞልተዋል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው።

«ሦስተኛው ዙር ምን ሆነ?»

«እንጃ። ምንም አልሰማሁም። ከበሮው ነው መሰለኝ።»

ሁለተኛው የቀድሞ ተጫዋች ኦልጊየርድ ነበር፤ ረጅም፣ ትከሻው አሁንም ሰፊ።

«ጣቢያው ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ማይኩን ለእኔ ወይም ለካዬታን ሊሰጥ ነው» አለ። «ምክር የጠየቁት የደጋፊዎቹን አንጋፋ፣ ሽማግሌውን ነው። መልሳቸውን ሰኞ ይነግሯቸው ነበር። አልደብቅዎትም።»

«በሦስተኛው ዙር የት ነበሩ?»

«ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ካርዴ ይኸውና፤ ነጥቡ ሳይቀር ተጽፏል።»

በሦስተኛው ዓምድ 'ታሪካዊ' 13 ለ 10 ላይ፣ 'የማይታመን' 15 ለ 12 ላይ፣ የኩባው ልጅ ስም 17 ለ 16 ላይ ተመዝግቧል። የሁለቱ ዙሮች ጽሑፍ የተሞነጫጨረ ነው፤ የሦስተኛው ግን ቀጥ ያለ።

«እየቆዩ ሲሄዱ ጽሑፍዎ ያምራል» አለች።

«እጄ ሞቆ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሦስተኛው ካዬታን ነበር፤ ሲያስተላልፍ ውሎ ድምፁ ሰልሏል።

«በማስታወቂያው ሰዓት የት ሄዱ?»

«ሽንት ቤት።»

«ማን አየዎት?»

«ሽንት ቤት ማን ያያል?» ወደ ሳጅኑ ካቴና ተመለከተ። «ሊወስዱኝ ነው አይደል?»

«የስርጭቱን ቅጂ ይስጡኝ» አለች ቦግና።

በሬድዮው ክፍል ብቻዋን ተቀምጣ ሦስተኛውን ዙር ከፊሽካ እስከ ፊሽካ አዳመጠች። ሻይዋ ቀዘቀዘ። ስትጨርስ ማዳመጫውን አውልቃ ዓይኖቿን አሸች።

ሦስቱንም ኮሚቴው ረድፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። ታች ሠራተኞች መረቡን እየፈቱ ነበር።

«አቶ ሉዶሚር በእያንዳንዱ ረጅም ቅብብል ዜሮ ይጽፉ ነበር» አለች። «መጨረሻ የጻፉት 12 ለ 9 ላይ ነው። የሞቱት ከዚያ በኋላ ነው። ዜሮው ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር። አቶ ካዬታን፣ ሦስተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት አቶ ሉዶሚር ምን አሉዎት?»

ካዬታን አንገቱን ደፋ። «'አንድ ዙር ብቻ ከእነዚያ ቃላት አንዱንም ሳትል አስተላልፍ። ያየኸውን ብቻ ተናገር። ከቻልክ ሰኞ ያንተን ስም እሰጣለሁ' አሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።»

«ሰውየው ፈተና ላይ ነበር» አለች ቦግና ወደ ታዴክ ዞራ። «ፈታኙን በፈተናው መሀል የሚገድል ተፈታኝ ገጥሞኝ አያውቅም። ሽማግሌውም የወረዱት ለዚሁ ነው፤ የወይዘሮ ያጎዳ ከበሮ በሌለበት፣ በጸጥታ ሊሰሙት።»

ያጎዳ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች።

«ቅጂውን ሰማሁት። በሦስተኛው ዙር ከአሥራ ሁለቱ አንዱም የለም፤ ዜሮው ይህ ነው። የወይዘሮ ያጎዳ ካርድ ባዶ የሆነው በከበሮው አይደለም፤ የሚጻፍ ስላልነበረ ነው። አቶ ኦልጊየርድ፣ የእርስዎ ካርድ ግን ሞልቷል።»

ኦልጊየርድ ወደ ታች፣ ወደ መረቡ ተመለከተ።

«ነጥቦቹን ከውጤት ሰሌዳው መገልበጥ ቀላል ነው። ቃላቱን ደግሞ መስማት አላስፈለግዎትም። ዘጠኝ ዓመት ያልቀየረ ሰው ዛሬም አይቀይርም ብለው ሞሉት። አልተቀመጡም፤ አላዳመጡም።»

ታች አንድ የብረት ምሰሶ ወለሉ ላይ ተንኳኳ።

«ልለምናቸው ነበር የወረድኩት» አለ ኦልጊየርድ። «ጨዋታ ካቆምኩ ጀምሮ አምስት ዓመት ማንም ስሜን ጠርቶ አያውቅም። ሦስት ቃል ሳልናገር 'ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው' አሉኝ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ገፋ አደረግኋቸው። እንዲያዩኝ ነበር።»

ታዴክ ለካዬታን አውጥቶት የነበረውን ካቴና ይዞ ወደ ኦልጊየርድ ሄደ። አላስቸገረውም።

ሌሎቹ ሲወጡ ካዬታን እዚያው ቀረ።

«አቶ ሉዶሚር ምን ያህሉን ሰሙኝ?» አለ።

«እስከ 12 ለ 9።»

«የኩባውን ልጅ ስም በትክክል የጠራሁት 17 ላይ ነው።» ስልኩን አውጥቶ ሰጣት። ደክሟት ስለነበር ቆማ አላነበበችውም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። መልእክቱ የሦስተኛው ዙር ማብቂያ ፊሽካ እንደተነፋ ለአቶ ሉዶሚር የተላከ ነው።

«አንዷንም አላልኩም። ሰምተውኛል?»

ከሥሩ ምንም አልነበረም።